አንድ ሙዚቃ በሁለት ሸክላ፤ የራቬልን «ዳፍኒስና ክሎኤ» እንዴት እንደ መዘንሁት

ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን የሙዚቃ ክበባችንን ወክዬ አንድ ንግግር አድርጌ ነበር። ርእሴም ሞሪስ ራቬል የተባለው ፈረንሳዊ የደረሰው «ዳፍኒስና ክሎኤ» የተባለው የባሌት ሙዚቃ ነበረ። ይህንኑ ሙዚቃ ሁለት ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ተጫውተው በሸክላ ያስቀረጹትን አስተያይቼ፥ ለታዳሚውም ከሁለቱ ጥቂት ጥቂት ካሰማሁ በኋላ፥ «የቦስተኑ ከለንደኑ በሁሉም ነገር ይበልጣል» ብዬ በድፍረት ፈረድሁ። ጭብጨባውም ደኅና ነበር። ወደ ወንበሬ ልመለስ ስል ግን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጅዋን አውጥታ፥ «ሁለቱን ያሰማኸን በእኩል ድምፅ ነው ወይ? የመጀመሪያው ጆሮዬን ሞላው፤ ሁለተኛውን ለመስማት ግን አንገቴን ማስገግ ነበረብኝ» ብላ ጠየቀችኝ።

በጊዜው የሰጠኋት መልስ መልስ አይባልም። «የመሣሪያው ነገር ነው» ብዬ ተቀመጥሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። የድምፁን መጠን የሚያስተካክለውን ቁልፍ ጨርሶ አልነካሁትም ነበርና በማግሥቱ ክበቡ ክፍል ገብቼ ብመረምር ልጅቱ እውነት ተናግራለች፤ ከኮምፒዩተሩ የሚወጡት ሁለቱ ቅጂዎች በተለያየ መጠን የተቀዱ ኖረዋል። እንግዲህ እኔ በወላጆች ፊት ቆሜ ያመሰገንሁት ኦርኬስትራውን ነው ወይስ ጩኸቱን? ይህን ለማወቅ ሁለቱን እንደ ገና ከመጀመሪያ ማዳመጥ ግድ ሆነብኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ልጅ ያልሰጠኋት መልስ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሙዚቃው ጥቂት ልናገር፤ ዓመቶቹንም ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። ራቬል በ1875 ሲቡር በምትባል በስፔን ወሰን አቅራቢያ ባለች የባሕር ዳር ከተማ ተወልዶ በ1937 ፓሪስ ላይ ሞተ። በ1909 የሩሲያ ባሌት ቡድን መሪ የነበረው ሰርጌ ዲያጊሌቭ ይህን ሙዚቃ እንዲደርስለት አዘዘው። ባሌት ማለት ተጫዋቾቹ ቃል ሳይናገሩ በጭፈራና በምልክት ብቻ ታሪክ የሚያሳዩበት ቴያትር ነው። ታሪኩ የተወሰደው ሎንጉስ የተባለ የጥንት ግሪክ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት ገደማ ከጻፈው መጽሐፍ ነው። ዳፍኒስ የፍየል እረኛ፥ ክሎኤም የበግ እረኛ ናቸው፤ ሌስቦስ በምትባል ደሴት ይኖራሉ፤ ይዋደዳሉም። የባሕር ወንበዴዎች መጥተው ክሎኤን ይዘዋት ይሄዳሉ፤ ግሪኮች የእረኞች አምላክ የሚሉት ፓን ወንበዴዎቹን አስደንግጦ ይበትናቸዋል፤ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱ ይገናኛሉ። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ረጅም አይደለም። ሙዚቃው ግን ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ራቬልም እስከ 1912 ድረስ ደክሞበታል።

በጁን 8 ቀን 1912 በፓሪስ በሻትሌ ቴያትር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ጭፈራውን ያዘጋጀው ፎኪን፥ የመድረኩን ሥዕል የሣለው ባክስት፥ ዳፍኒስን ሆኖ የጨፈረው ኒጂንስኪ፥ ክሎኤን ሆና የጨፈረችው ካርሳቪና ነበሩ። ኦርኬስትራውን የመራው ፒየር ሞንቶ ነው፤ ይህን ስም አንባቢ ይያዝልኝ። በዚያ ወራት ሁለት ጊዜ ብቻ ታይቶ ቆመ።

ይህን የመሰለውን የፈረንሳዮች ሙዚቃ ሰዎች «ኢምፕረሲዮኒስት» ይሉታል። ስሙ የመጣው ከሥዕል ነው። ክሎድ ሞኔ በጉም ውስጥ የምትወጣ ፀሐይ የሚያሳይ ሥዕል በ1872 ሥሎ፥ ሥዕሉ በ1874 ለሕዝብ ሲቀርብ አንድ ጋዜጠኛ በርእሱ ሊያላግጥ ያወጣው ቃል ነበር። እንዲህ ያለ ሠዓሊ የጀልባውን ጣውላ አንድ በአንድ አይሥልም፤ ዓይን በመጀመሪያ ያየውን ብርሃንና ጥላ ያሳያል እንጂ። ስለዚህ ብዙ ሰው፥ እኔም ጭምር፥ «ነገሩ ጉም ከሆነ ድምፁ ቢደበላለቅ ምን አለበት» ብለን እናስባለን። የራቬልን ድርሰት በኖታ ጽሑፉ ላይ የተመለከተ ሰው ግን እንደ ሰዓት ሠሪ ሥራ ጥንቅቅ ያለ መሆኑን ያያል። መክፈቻውን ብንወስድ፥ ከታች አንድ ወፍራም ድምፅ ይነሣና በእርሱ ላይ ሌላው፥ በዚያም ላይ ሌላው፥ በእኩል ርቀት እንደ መሰላል እየተደረደረ ወደ ላይ ይወጣል። ጆሮ የሚሰማው ጉም ነው፤ ጉሙ ግን የተሠራው ከተቈጠሩ ቀጫጭን ክሮች ነው። ክሮቹ ለየብቻ ካልተሰሙ ጉም መሆኑ ቀርቶ ጭቃ ይሆናል። እንግዲህ መመዘኛዬን ይህን አደረግሁ፤ የትኛው ሸክላ ክሮቹን ያሰማል?

የመዘንኋቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው በጃንዋሪ 1955 በቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ የተቀረጸው ነው። የቦስተንን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የመራው ሻርል ሙንሽ በ1891 ስትራስቡርግ የተወለደ፥ ከ1949 እስከ 1962 የኦርኬስትራው የሙዚቃ መሪ የነበረ ሰው ነው። ሁለተኛው በአፕሪል 1959 ለንደን ውስጥ በኪንግስዌይ አዳራሽ የተቀረጸ ሲሆን የሚጫወተው የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነው። መሪውም ያ ፒየር ሞንቶ ነው። ሞንቶ የራቬል እኩያ ነበረ፤ እርሱም በ1875 ነው የተወለደው። በፓሪስ ከመጀመሪያው ምሽት 47 ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ84 ዓመቱ ይህን ሸክላ አስቀረጸ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ባለፈው ዓመት ከንግግሬ በኋላ አንድ የክፍል ጓደኛዬ፥ «አንተ ሰው፥ ደራሲው በሕይወት ሳለ በፊቱ የመራውን ሰው ትተህ ሌላውን እንዴት ታስበልጣለህ?» አለኝ። ነገሩ ለጊዜው እውነት መሰለኝ። ነገር ግን የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ያደረገውን በትክክል ያስታውሳል ማለት ያስቸግራል፤ ቢያስታውስም እንኳ የሚጫወተው ሌላ ኦርኬስትራ፥ አዳራሹም ሌላ ነው። የሞንቶ ታሪክ ለሸክላው ክብር ይሰጠዋል እንጂ የሸክላውን ድምፅ አይለውጥም። ስለዚህ ስሞቹን መደበቅ አስፈለገ።

በመጀመሪያ የድምፁ መጠን መስተካከል ነበረበት። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1933 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፥ የሰው ጆሮ ሁሉን ድምፅ እኩል አይሰማም፤ መጠኑ ዝቅ ሲል ወፍራሞቹ ድምፆች ከመካከለኞቹ ይልቅ ፈጥነው ይጠፉበታል። ያው አንድ ሸክላ ጥቂት ከፍ ሲደረግ ጆሮ «ጮኸ» አይልም፤ «ሞላ፥ አማረ፥ ቀረበ» ይላል። እኔም ባለፈው ዓመት የተናገርሁት ቃል በቃል ይህንኑ ነበር። የሙዚቃ መምህራችን በስልካቸው ላይ ባለው የድምፅ መለኪያ ሁለቱን ቅጂዎች በአንድ ስፍራ፥ ይኸውም በንጋቱ ክፍል መካከል ላይ፥ አስተካከሏቸው፤ ለእያንዳንዱም በቁልፉ ጠርዝ ላይ በነጭ ጠመኔ ምልክት አደረጉ። ደግሞም፥ «ተጠንቀቅ፤ መካከሉ ላይ እኩል ሆኑ ማለት ዳርና ዳሩ እኩል ነው ማለት አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንዱ ኦርኬስትራ ከሹክሹክታ ተነሥቶ እስከ ነጎድጓድ ሲሄድ ሌላው መንገዱን ሊያሳጥረው ይችላል።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንዳችን የክበቡ አባሎች ጀርባችንን ለመሣሪያው ሰጥተን ተቀመጥን። መምህሩ አንዱን «ሀ»፥ ሌላውን «ለ» ብለው አሰሙን፤ ቅደም ተከተሉንም በየክፍሉ ይለዋውጡት ነበር። እያንዳንዳችን ሳንነጋገር ፍርዳችንን በወረቀት ጻፍን።

የመጀመሪያው ፈተና ንጋቱ ነበር። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ከሁሉ የታወቀው ስፍራ ይህ ነው፤ በእኔም ዘንድ ሸክላው የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው። ሲጀምር ጨለማ ነው። ፍሉቶችና ክላሪኔቶች ተቀባብለው፥ ሃርፖችና ቼሌስታም አብረዋቸው፥ ከዐለት ላይ የሚወርድ ጤዛ ሲንሿሿ የሚመስል ድምፅ ያሰማሉ። ይህ ውሃ ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ከሥሩ ወፍራሞቹ ባለ አውታር መሣሪያዎች አንድ አዝጋሚ ዜማ ይጀምራሉ፤ ዜማው እየዋለ እያደረ ሽቅብ ይወጣና ከቫዮሊኖቹ ይደርሳል። ወፎች ይነሣሉ። በሩቅ አንድ እረኛ መንጋውን ነድቶ ያልፋል፤ የእርሱ ድምፅ ፒኮሎ የምትባለው ትንሿ ፍሉት ናት። ሌላም እረኛ ከመድረኩ ጀርባ ያልፋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው መዘምራኑ ተጨምረው ፀሐይዋ ሙሉ ሆና የምትወጣው።

ባለፈው ዓመት በቦስተኑ ሸክላ ይህን ስሰማ ደረቴ ነበር የተመታው። ሙንሽ ቸኵሎ ፀሐይዋን ያወጣታል፤ መለከቶቹም ያበራሉ። በእኩል መጠን፥ ስሙን ሳላውቅ ስሰማው ግን አንድ ነገር ጎደለኝ፤ ቫዮሊኖቹ ከፍ ሲሉ ውሃው ተሸፈነ። በሌላው ሸክላ ግን ዜማው ጫፍ ላይ ደርሶ መዘምራኑ እየዘመሩ እንኳ ያ ጤዛ ከሥር ሲፈስስ ይሰማል። ደግሞ ሞንቶ አንደኞቹን ቫዮሊኖች በግራው፥ ሁለተኞቹን በቀኙ የማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነበረው፤ በስቴሪዮ ሲቀረጽ ይህ ልማዱ ጠቀመ፤ ሁለቱ ወገኖች በክፍሉ ዳርና ዳር ሲመላለሱ በጆሮ ይታወቃል። በወረቀቴ ላይ የለንደኑ መሆኑን ሳላውቅ ለለንደኑ ፈረድሁ። ከአሥራ አንዳችን ስምንታችን እንዲሁ አድርገን ተገኘን።

ይህን ፍርድ ያጸናልኝ አጎቴ ናቸው። አጎቴ በልጅነታቸው ላስታ ውስጥ ፍየል የጠበቁ፥ ዋሽንትም የሚነፉ ሰው ናቸው፤ የፈረንጅ ኦርኬስትራ ግን ተቀምጠው አዳምጠው አያውቁም። አንድ እሑድ ከእኛ ቤት ምሳ ሲበሉ፥ ስለ ታሪኩ አንዲት ቃል ሳልነግራቸው፥ የለንደኑን ንጋት አሰማኋቸው። ቡናቸውን ይዘው ዝም ብለው ቆዩና ፒኮሎዋ ስትነሣ እጃቸውን አንሥተው፥ «ቆይ፤ እዚያ ማዶ አንድ ልጅ አለ» አሉ። እኔ ደነገጥሁ። ወዲያው የቦስተኑን አስከተልሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፥ «ልጁስ?» ብለው ጠየቁኝ። ወደ ኋላ መልሼ ስፍራውን ሳሳያቸው፥ «አዎን፥ አለ። ግን ማዶ አይደለም፤ ይኸው ደጃፋችን ላይ ነው የቆመው» አሉኝ። ራቬል በድርሰቱ ላይ ይህ እረኛ በሩቅ እንዲያልፍ ነው የጻፈው። አጎቴ ይህን አላነበቡም፤ ኖታም አያውቁም።

ለቦስተኑ ደግሞ ተገቢውን ልስጠው። ከንጋቱ በኋላ አንድ ሽማግሌ እረኛ ለዳፍኒስና ለክሎኤ ፓን ስለ ወደዳትና ስላመለጠችው ስለ ሲሪንክስ ይነግራቸዋል፤ ሁለቱም ያንን ታሪክ በጭፈራ ያሳያሉ። ዳፍኒስ ፓንን ሆኖ ሸምበቆ ቈርጦ ዋሽንት ይሠራል፤ በዚህ ጊዜ ፍሉቷ ብቻዋን ረጅም ዜማ ትነፋለች። በቦስተን ይህን የነፋችው በ1952 የኦርኬስትራው ዋና ፍሉት ነፊ የሆነችው ዶሪዮት አንቶኒ ድዋየር ናት፤ በአሜሪካ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች እንዲህ ያለውን ወንበር ከያዙ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ነበረች። ዜማዋ ሲጀምር ዘንበል ይላል፥ ያመነታል፥ ከዚያ እንደ ልቡ ይሮጣል። ለንደኑ የነፋው ሰው ንጹሕ ነው፤ አንድም እንከን አላገኘሁበትም፤ ነገር ግን የድዋየርን ስሰማ ሰው ቆሞ ሲነፋ ይታየኛል። አጎቴም፥ «ይቺ ትንፋሿን የምትደብቀው የት ነው?» ብለው ደጋግመው አስደገሙኝ። በዚህ ክፍል የክበባችን ድምፅ ስድስት ለአምስት ሆኖ ለቦስተኑ ወደቀ፤ እኔም ከስድስቱ አንዱ ነኝ።

ስለ መዘምራኑ ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ መዘምራን አሉ፤ ነገር ግን አንዲትም ቃል አይናገሩም፤ አፋቸውን ገጥመው ወይም ከፍተው ድምፅ ብቻ ይሰጣሉ። ሰው ያለ ቃል ቢዘምር ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። በ1914 ዲያጊሌቭ ባሌቱን ለንደን ላይ መዘምራኑን አስቀርቶ ባሳየ ጊዜ ራቬል ለጋዜጦች ደብዳቤ ጽፎ ተቃውሟል። ምክንያቱ ሸክላውን በሰማ ሰው ዘንድ ግልጽ ነው፤ ከመጀመሪያው ትርኢት ወደ ሁለተኛው ሲታለፍ መድረኩ ጨልሞ፥ ኦርኬስትራው ጸጥ ብሎ፥ መዘምራኑ ብቻቸውን የሚቆዩበት ስፍራ አለ። ያን ማስቀረት ከቤት ምሰሶ እንደ መንቀል ነው። በቦስተኑ የኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ መዘምራን፥ በለንደኑ የኮቨንት ጋርደን ኦፔራ መዘምራን ናቸው። የቦስተኖቹ ፊት ለፊት ወጥተው ይሰማሉ። የለንደኖቹ በኦርኬስትራው ውስጥ እንደ አንድ መሣሪያ ተቀምጠዋል፤ መቼ እንደ ገቡ ሳናውቅ ገብተው እናገኛቸዋለን። እኔ የሚሻለኝ ሁለተኛው ነው፤ ያም ሆኖ አንድ ሰው የፊተኛውን ቢወድ አልከራከረውም።

መጨረሻው ታላቁ ጭፈራ ነው። ይህ በአምስት አምስት ምት የሚሄድ ነው፤ በ1912 ጨፋሪዎቹ ቈጠራው አስቸግሯቸው የአለቃቸውን ስም «ሰር፥ ጌ፥ ዲያ፥ ጊ፥ ሌቭ» እያሉ ይቈጥሩበት እንደ ነበር ይነገራል። እኛም በክበባችን ጠረጴዛ እየመታን ሞከርነው፤ በሞንቶው ላይ እስከ መጨረሻው ተከተልነው፤ በሙንሹ ላይ ከግማሹ በኋላ ማንም አልቻለም፤ ሳቅ በሳቅ ሆነን ተውነው። ሙንሽ እዚህ ላይ ኦርኬስትራውን ልጓሙን ፈትቶ ይለቀዋል። የለንደኑ በጥቂት ስፍራ ድካም ይታይበታል፤ መሣሪያዎቹ ሁሉ እኩል የማይወድቁበት ጊዜም አለ። ወንበዴዎቹ በሚጨፍሩበት ክፍል ደግሞ ሞንቶ ጨዋ ሆነብኝ፤ ወንበዴ እንደዚያ ጨዋ መሆን የለበትም። ከአሥራ አንዳችን ዘጠናችን ይህን ክፍል ለቦስተኑ ሰጠን።

ሁለቱም ሸክላዎች ዕድሜያቸው ይሰማል። መክፈቻው እጅግ ጸጥ ያለ ስለሆነ ከሙዚቃው በፊት የቴፑ ሽሽታ ይሰማል፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ግን ጆሮ ይረሳዋል።

እንግዲህ «የቦስተኑ በሁሉም ነገር ይበልጣል» ያልሁት ስሕተት ነበር። ፍርዴን አሁን ስጽፈው እንዲህ ነው፤ ለፍሉቷና ለመጨረሻው ጭፈራ የቦስተኑን እመርጣለሁ፤ ለመክፈቻው፥ ለመዘምራኑና ለንጋቱ የለንደኑን። አንዱን ብቻ ይዘህ ሂድ ቢሉኝ በእረኛው ምክንያት የለንደኑን እወስዳለሁ። ይህን ለዚያች ተማሪ ነግሬያት፥ «እኔስ ገና አልሰማኋቸውም፤ ባለፈው ዓመት ያሰማኸን ሦስት ሦስት ደቂቃ ነው» አለችኝ። ሁለቱም ቅጂዎች በሙዚቃው ክፍል ኮምፒዩተር ላይ አሉ። የቁልፉን ምልክት ጽዳት ሲደረግ ጠረጉት መሰለኝ ጠፍቶ ነበር፤ ትናንት ከመምህሩ ጋር ለክተን እንደ ገና አድርገነዋል፤ አንዱ ጭረት ለቦስተን፥ ሁለቱ ጭረት ለለንደን ነው።